ጩኸት የተማርኩበት ክረምት

ግንቦት 6

ይህን ደብተር ልጄ ኪዳነምሕረት ገዛችልኝ። ሐኪም ናት፤ መድኃኒት የዋጥኩበትን ሰዓት እንድመዘግብበት ነው። መዋጤን እግዜር ያያል፣ የቀረውን ክኒን ደግሞ እሷ ትቆጥራለች፤ ሦስተኛ ምስክር ምን ያደርጋል? ስለዚህ የራሴን ወሬ እጽፍበታለሁ።

በሚያዝያ ደረቴ ላይ፣ ከቆዳዬ ሥር፣ የክብሪት ቀፎ የምታህል ማሽን ቀበሩልኝ። ልቤ ስትሰንፍ ትቀሰቅሳታለች። ተመስገን፣ ትሠራለች። እንዳልደነግጥ፣ እንዳልናደድ፣ ከባድ እንዳላነሳ ታዝዣለሁ። ሐምሌ 10 ቀጠሮ አለኝ። ያን ቀን ሐኪሙ አውሮፕላን መሳፈር ትችላለህ ካለኝ ዲላ እሄዳለሁ። ታናሽ ወንድሜ በርናባስ ኩላሊቱን ታሟል። በዚህ ዕድሜዬ ለምንም ነገር አልቸኩልም፤ ለእሱ ግን ቸኩያለሁ።

እሁድ እሁድ እንደዋወላለን። ልጄ ጆሃንስበርግ ካመጣችኝ ጀምሮ አንድም እሁድ ሳንሰዳደብ ውለን አናውቅም። ባለፈው፣ «በባትሪ የሚሠራ ወንድም አለኝ ብዬ ለሰፈሩ አወራሁ፤ ማታ ማታ ቻርጅ ያደርጉሃል ወይ?» አለኝ። ድምፁ ደክሟል፤ ምላሱ ግን አልደከመም። መልስ እያሰናዳሁለት ነው።

ግንቦት 9

ዮአዳን የኪዳነምሕረት ልጅ ናት፤ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ባንድ አቁማለች። እሷ ጯኺዋ ናት። ዘፋኝ አልላትም፤ ስድብ ይሆንባታል። ሙዚቃው ስክሪሞ ይባላል፤ ከእሱ የባሰው ደግሞ ኢሞቫዮለንስ። ትናንት ጓሮ ካለው ጋራዥ ሲለማመዱ ሰምቼ፣ ቄራ ከከፈታችሁ ጉበቱን ለኔ አስቀሪልኝ አልኳት።

አልተቆጣችም። ወገቧን ይዛ ቆመችና፣ «አባባ፣ አንተ ዘፈን ቤት የነበረህ ሰው ሳትሰማ ነው የምትፈርደው? መጀመሪያ ዋና ዋናዎቹን አልበሞች ስማ፤ ከዚያ እንደፈለግህ ስደበኝ» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ዲላ ላይ በርናባስና እኔ ሸክላ ስንሸጥ፣ ኋላም ካሴት ስንቀዳ ኖረናል። ሳይሰማ የሚያጣጥል ደንበኛ ሲመጣ በርናባስ በር ያሳየው ነበር። ስለዚህ ተዋዋልን። እሷ አልበሞቹን አንድ በአንድ ታመጣለች፤ እኔ እስከ መጨረሻው እሰማለሁ፤ ስድቡ ከዚያ በኋላ ነው። ማጫወቻዋን አምጥታ አልጋዬ አጠገብ ተከለችው።

የመጀመሪያዎቹ አሜሪካኖች ናቸው፤ ከሠላሳ ዓመት በፊት በሰው ሳሎን ይጫወቱ የነበሩ ልጆች። የባንዱን ስም ተርጉሚልኝ ብላት «ከወንዙ ማዶ ያለው ቤት» አለች። ሽፋኑ በመቀስ የተቆረጠ ካርቶን ነው፤ ማኅተሙን በእጃቸው ነው የመቱት። ሸክላዋ ያችው የኛ ትንሿ ናት! በጠርዟ ይዤ አገላብጬ ትንፋሽ ሳላስነካ ሳስቀምጣት ልጅቷ አፏን ከፈተች። በእኛ ጊዜ በአንድ ገጽ አንድ ዘፈን ነበር፤ እነዚህ ስድስት ጠቅጥቀውባታል። መነጽሬን አድርጌ የመጀመሪያውን ርዕስ ሳነብ ዘፈኑ አለቀ።

ማን ሞቶበት ነው እንዲህ የሚጮኸው ብዬ ጠየቅሁ። ማንም አልሞተበትም፣ ዝም ብሎ አዝኖ ነው አለችኝ። ዝም ብሎ! ይህን ለእሁድ ለበርናባስ አስቀምጫለሁ።

ግንቦት 14

ኪዳነምሕረት በቀትር ከሥራ መጣች። ዓይኗ አብጧል። ጉንፋን ነው አለች። ሐኪም ጉንፋን ሲይዘው ደስ ይላል፤ እኔም በተራዬ ዝንጅብል አዘዝኩላት። አልሳቀችም። ግንባሬን ሳመችኝና መኝታ ቤቷ ገባች።

ዮአዳን የዛሬውን አልበም አላመጣችም። ፈተና አለብኝ አለች። ባለፈው ሳምንት ፈተና ጨርሻለሁ ያለችኝ መሰለኝ። ይሆናል፤ የዛሬ ልጆች ፈተና አያልቅባቸውም።

ግንቦት 17፣ እሁድ

በርናባስ አያነሳም።

ኪዳነምሕረት እንደነገረችኝ ሐዋሳ ወስደውታል፤ ጉሮሮው ውስጥ ቱቦ ስለገባ እንዳይናገር ተከልክሏል። በርናባስ እንዳይናገር! ያዘዘው ሐኪም አሳዘነኝ።

ስለ ባትሪዬ የሰደበኝን ስድብ ሳልመልስ ማደር ስለማልችል፣ ዮአዳን በዋትሳፕ ድምፄን ቀድታ እንድትልክልኝ አደረግሁ። «በርናባስ፣ እኔስ ሶኬት አገኘሁ። ላንተ የሚሆን ሶኬት ገና አልተሠራም» አልኩ። ስልኩን ይዛ ሹራቧን እስከ ዓይኗ ሳበችው። በርዷታል። ቤቱ የድሮ የሜይፌር ሰፈር ቤት ነው፤ ጣሪያው ረጅም ነው፤ ሙቀቱን ሁሉ አይጦቹ ናቸው የሚሞቁት።

መስማት አልተከለከለም እኮ። ይስማና ይንደድ።

ግንቦት 23

ዛሬ ኢሞቫዮለንሱ ደረሰ። ባንዱ «የተቃጠለ ትምህርት ቤት» ነው የሚባለው። አሥራ አንድ ዘፈን አለው አለችኝ፤ እኔ አንዱን ከሌላው ሳልለይ፣ ሻዬ ሳይበርድ አለቀ። ይህ ሰውዬ ታክሲ እያመለጠው፣ እየሮጠ ሚስቱን የሚሰናበት ይመስላል አልኳት። ይስቃል ያልኩት ፊቷ ክፉኛ ተለወጠ። «አዎ አባባ፣ ልክ እንደሱ ነው» ብላ ሸክላውን ወደ ካርቶኑ መለሰች። ነገሩን ከልቧ ነው የያዘችው፤ ከእንግዲህ ስቀልድ ልጠንቀቅ።

ከቢር ሱቁን ጥሎ ሊጠይቀኝ መጣ። ከቢርና ሚስቱ ሸፊቃ ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ የስልጤ ሰዎች፣ ብርድ ልብስና ፍራሽ በጅምላ ያከፋፍላሉ። ከቤታቸው የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው። እነሱ ሲያስነጥሱ እኛ ነን ይማርህ የምንል። ዛሬ እጄን ጨብጦ አልለቅም አለ። «ጋሼ፣ አብሽር። የአላህ ሥራ ነው፣ ምን ይደረጋል» ይለኛል። ያስገቡብኝ ባትሪ እንጂ ቦምብ አይደለም፣ አትፍራ፣ እጄን ልቀቀኝ አልኩት። አፉ ሳቀ።

ሸፊቃም ሰሞኑን ምሳ መላክ ጀምራለች። ትናንት ሩዝ በሥጋ፣ ዛሬ ሾርባ። ኪዳነምሕረት ከሥራ እንደመጣች አልጋዬ ጫፍ ላይ ትቀመጣለች፤ ድሮ ተቀምጣ አታውቅም ነበር። ኬፕታውን የሚሠራው ባሏ መስፍን እንኳ በወር አንዴ የሚደውል ሰው፣ አሁን በየሁለት ቀኑ ይደውላል። በሽታ እንዲህ የሚያስወድድ ከሆነ ቀደም ብዬ በታመምኩ። ተመስገን ነው። ብዙ ሽማግሌ ይህን ሳያይ ነው የሚሞተው።

ሰኔ 1፣ እሁድ

የበርናባስን ልጅ አልአዛርን በቪዲዮ አገኘሁት። አባቱ ተኝቷል አለ። ትንሽ ቆይቼ ብደውልም ተኝቷል። ጢሙን ለቆታል፤ እስከ ጉንጩ ወጥቷል። ልትመንን ነው ወይስ ምላጭ ተወደደ ብዬ ነገር ብፈልገው ካሜራውን ወደ ጣሪያ አዞረው። ኔትወርክ ነው አለ። ኔትወርክ ሲበላሽ ጣሪያ ያሳያል እንዴ?

በሽተኛ ማስታመም ከባድ ነው፤ ለመላጨትም ጊዜ አይሰጥ። ጥሩ ልጅ ነው። ነገር ፈለግሁት እንጂ እግዜር ይስጥህ አላልኩትም። በሚቀጥለው እላለሁ።

ለበርናባስ ሁለት ድምፅ ላክሁ፤ አንዱ ስድብ፣ አንዱ ስለ ጣሊያኖቹ ጯኺዎች። ጣሊያኖቹ ማይኩን አይጠጉትም፤ ራቅ ብለው ነው የሚጮኹት፣ ጎርፍ ከማዶ ያስቀረው ሰው እንደሚጣራ። አልበማቸውን ሁለቴ አስደገምኳት፤ ለምን እንደሆነ ለዮአዳን አልነገርኳትም፤ ትኮራብኛለች።

ሰኔ 4

ብርዱ ጠና። ክረምት ይሉታል፣ ጠብታ የለውም። ሣሩ ሁሉ ተቃጥሎ ቢጫ ሆኗል። በካልሲ ላይ ካልሲ።

ከበርናባስ መልስ የለም። ስልኩ ላይ ሁለት ጭረት አለ፤ ደርሶታል ማለት ነው።

ሰኔ 11

ዛሬ ትምህርቱ ስለ ተካፋይ ሸክላ ነበር። ሁለት ባንዶች አንድ ሸክላ ይካፈላሉ፤ የፊቱን ገጽ አንዱ፣ የጀርባውን ሌላው። ወጪውንም ወዳጅነቱንም እኩል ይካፈሉታል። ፊቱ ፈረንሳዮች ናቸው፤ ቀስ ብለው ይጀምሩና ቤቱን በላይህ ያፈርሱታል። ጀርባው ጃፓኖች። ጃፓኖቹ ዘንድ የምትጮኸው ሴት ናት። አንድም ቃል ሳይገባኝ ዓይኔ አነባ። የኪዳነምሕረት ጉንፋን ተጋብቶብኛል።

እነዚህ ሰዎች አሁን የት ናቸው ብላት ተበትነዋል አለች። የወንዙ ማዶዎቹስ? ተበትነዋል። የተቃጠለው ትምህርት ቤትስ? አንድ አልበም አውጥተው በዓመቱ ተበትነዋል። ዋና ዋና የምትያቸው ሁሉ ሙታን ናቸው ለካ አልኳት። አንገቷን ደፍታ የማጫወቻውን መርፌ ታጸዳለች፤ ንጹሕ ነበር።

አዲስ ዘፈን እየሠሩ ነው። ግጥሙን አሳይኝ አልኳት። አላለቀም አለች። ቢያልቅም የሚሰማው የለም፣ ምን ያስፈራሻል ብላት እንኳ አልሳቀችም። ቀልዴ እየከሸፈ ነው። በርናባስ ቢሰማ ደስ ይለው ነበር።

ሰኔ 15፣ እሁድ

ኪዳነምሕረት ኩሽና ውስጥ በስልክ ታወራለች። «ከቀጠሮው በፊት አይሆንም። ልቡን ነው የምፈራው። የቀጠሮው ሰሞን እሁድ በማለዳ እንመጣለን ብለዋል፣ ሽማግሌዎቹ ያውቃሉ።»

የልደቴ በዓል መሰለኝ። ሐምሌ ውስጥ ነው የተወለድኩት፤ ቀኑን እናቴም አታውቀው። ሽማግሌ ጠርቶ፣ ያውም በማለዳ፣ ልደት ማክበር ምን የሚሉት ነው? ያልሰማሁ መስዬ አልፌአለሁ። ለእኔ ሲሉ መድከማቸው ግን ልቤን ነካው።

በርናባስ አላነሳም።

ሰኔ 21

ተመራቂ ነኝ፤ አልበሞቹን ጨርሻለሁ። ልሰድባት መብቴ ነበር፣ ስድቡ ግን ጠፋኝ። ይልቅ ጩኸቱን አስተምሪኝ አልኳት።

ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ! እናቴ ትገድለኛለች አለች። እናትሽ እስከ ማታ ሆስፒታል ናት አልኳት። አቅማማችና በዝግታ እንጀምር አለች። ለካ ከጉሮሮ አይደለም፤ ከጉሮሮ የጮኸ በሳምንቱ ድምፁን ይቀብራል። ትንፋሹን ከሆድ አምጥተህ፣ ጉሮሮህን ዘና አድርገህ ነው። ዛሬ የወጣልኝ የተበሳ ጎማ ድምፅ ነው። ሐሙስ እንቀጥላለን።

ሰኔ 26፣ ቀን

ሐሙስ። ዮአዳን መጣች። ጋራዥ እየሄድን ነው። ኪዳነምሕረት የለችም። ባትሪዬ ደህና ናት። ከከሸፈች የኔ ኑዛዜ፦ ሸክላዎቹን ለዮአዳን።

ሰኔ 26፣ ማታ

ሳልተኛ ልጻፈው።

ጋራዡ ቀዝቃዛ ስለነበር ከሸፊቃ ቤት ጋር በሚያዋስነው ግድግዳ በኩል፣ ማሞቂያው አጠገብ ቆምን። ዮአዳን መጀመሪያ ጮኸች፣ እኔ ተከተልኩ። ሦስተኛው ላይ ወጣልኝ። ከእምብርቴ ተነስቶ ሲወጣ ራሴን ራሴ አላወቅሁትም። ዮአዳን አጨበጨበች። ደገምን፣ አብረን። ሳቃችንን ይዘን ሌላ ልንጨምር ስንል የግቢው በር ተበረገደ።

ሸፊቃ ናት። ሻሿ ከትከሻዋ ወርዷል፣ በእንባ ታጥባለች። «ጋሼ፣ ጋሼ፣ አላህ ያጽናዎት!» እያለች አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እኔ ሳቄ መጣ። ሸፊቃዬ፣ ማንም አልሞተም፣ ዘፈን እየተማርን ነው ልላት ስል በሩ ላይ ባኪ የሚሉት ፒካፕ ቆመ። ከቢር ወረደ። ሁለት የዕድር ሰዎች ፕላስቲክ ወንበር እያወረዱ ግቢው ውስጥ መደርደር ጀመሩ።

ሸፊቃ ቀና ብላ ዮአዳንን አየቻት፣ እኔን አየችኝ። ፊቷ አመድ መሰለ። «አልነገራችኋቸውም እንዴ?» አለች።

ዮአዳን ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለች፤ ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች።

መርዶ እንዲህ አይደለም የሚነገረው። አውቃለሁ፣ ስንቱን አርድቻለሁ። በማለዳ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው፣ ውሃ ተይዞ፣ ደጋፊ ከኋላ ቆሞ ነው። እኔ ግን የራሴን መርዶ ራሴ ጠየቅሁ።

«ከቢር፣ ይህን ወንበር ለማን ነው ያመጣችሁት?»

ከቢር ጫማውን ያያል።

«ልጄ፣ ንገረኝ። ለማን ነው?»

«ለጋሽ በርናባስ» አለኝ።

ከተደረደረው አንዱን ስቤ ተቀመጥኩ። ባትሪዋ ሥራዋን ሠራች። የቀረው ነገር ሁሉ ቆመ፣ እሷ ብቻ አልቆመችም።

በግንቦት ነው ለካ ያረፈው። ኪዳነምሕረት በቀትር የመጣች ቀን። ሸፊቃና ከቢር ግድግዳ ማዶ ሆነው የአንድ ሽማግሌና የአንዲት ልጅ ጩኸት ሲሰሙ፣ ቀኑ ሳይደርስ ተነገራቸው ብለው ሥራቸውን ጥለው ሮጠው መጡ። ሌላ ሕዝብ ፖሊስ ይጠራ ነበር፤ የኛ ሰው ወንበር ጭኖ መጣ።

ኪዳነምሕረት የሆስፒታል ልብሷን ሳታወልቅ ደረሰች። እግሬ ሥር ወድቃ፣ «አባዬ፣ ልብህን ፈርቼ ነው» አለች። አልቆጣም ብዬ ነበር፤ ተቆጣሁ። «እናንተ አልቅሳችሁ ጨርሳችኋል፤ አርባው እንኳ ወጥቷል። እኔ ከማን ጋር ላልቅስ?» አልኳት። ከተናገርኩ በኋላ ነው የጸጸተኝ፤ ያች ልጅ ስንት ሳምንት የአጎቷን ሞት እየሸሸገች ከአልጋዬ ጫፍ ተቀምጣለች።

ሰኔ 28

ሰው መጣ፣ ሰው ሄደ። ከዛንድስፕሩት ስፓዛ የሚሉትን ሱቃቸውን ዘግተው የመጡ አሉ፣ ከኮዝሞ ሲቲም እንዲሁ። ግማሾቹን ስማቸውን አላውቅም። እንዴት አድርጌ አመሰግናቸዋለሁ? ሁሉም አጽናኑኝ፤ ሁሉም ግን ኀዘናቸው የቆየ ነው። ያን ጊዜ የሰሙ፣ ያን ጊዜ ያዘኑ ሰዎች ናቸው። ዓይናቸው ደርቋል። የኔም ደርቋል። ባለቅስ ደግ ነበር፤ አልመጣልኝም።

ማታ ከአልአዛር ጋር ተነጋገርን። አንድ ነገር ቆርቁሮኝ ነበርና ጠየቅሁት። ያን ሁሉ ስድብ፣ ያን ሁሉ የላክሁትን ድምፅ ማን ሰማው? ለሞተ ሰው ሶኬት የለህም ያልኩ ሽማግሌ ምን ይባላል?

«ሁላችንም ሰማነው ጋሼ» አለኝ። «የመጀመሪያው የደረሰን ድንኳኑ ውስጥ ሆነን ነው። ከፍ አድርጌ ከፈትኩት። እናቴ እያለቀሰች ሳቀች፤ ሰፈርተኛው ሳቀ። አባቴ ሁሌ ‹እኔ ስሞት እንኳ አይተወኝም› ይል ነበር። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ እየጠበቅን ነው የሰማነው።»

ኀፍረቴ ሄደ። ከተናገርኩት ሁሉ በእሱ ድንኳን ውስጥ እንደተሰማው ያለ ቁም ነገር የለም። እግዜር ይስጥህ አልኩት አልአዛርን፤ ይኼኛውን አልረሳሁም።

ሐምሌ 3

ዮአዳን ልታየኝ ፈርታ ሰነበተች። ዛሬ ጠራኋት። እናቷ እንዳትናገር አስምላት ነበር። ከግንቦት ወዲህ ጋራዥ ውስጥ ከጩኸቷ ጋር ስትታገል የከረመችው ለዚህ ነበር። አዲሱ ዘፈን ስለ በርናባስ ነው። ግጥሙን የደበቀችኝ እንዳላውቅ ነው።

በልጅነቷ ዲላ ስትሄድ ትከሻው ላይ አድርጎ ገበያ ያዞራት ነበር፤ ያን ነው የጻፈችው። እሷ በምታውቀው መንገድ ስታለቅስ እኔ ቢያልቅም የሚሰማው የለም እያልኩ እቀልዳለሁ። ይቅርታ አልጠየቅኋትም፤ አያት ይቅርታ አይጠይቅም፤ ግንባሯን ሳምኩት። የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ብሪክስተን ሰፈር ዝግጅት አላቸው። ትመጣለህ ወይ አለች። ለቀስተኛ ሰው ዘፈን ቤት አይሄድም አልኳት። ዘፈን አይደለም፣ አንተው ነህ ያልከው አለችኝ። ነገር በኔ ወጣች።

ሐምሌ 10

ቀጠሮ። ሐኪሙ ልቤን በኮምፒዩተር አነበባት። መስከረም ላይ ትበራለህ አለኝ። ደስ ይበልህ ብሎ ጀርባዬን መታ። ለማን ልብረር አልኩ በሆዴ። ከዚያ ስለ አልአዛርና ስለ እናቱ አሰብኩ። እሄዳለሁ። መቃብሩ ላይ ቆሜ ያልመለስኩትን እመልስለታለሁ።

ኪዳነምሕረት መኪናውን ስትነዳ እጇን ያዝኩት። ያን ያህል ከባድ ነገር ብቻሽን ተሸክመሽልኛል፣ ተባረኪ አልኳት። መኪናውን ዳር አቁማ አለቀሰች። እሷም ለካ ገና አልጨረሰችም።

ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ

ዝግጅቱ ብሪክስተን ባለ አንድ ቤት ጓሮ፣ ፀሐይ ላይ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ። ሠላሳ የሚሆኑ ልጆች። ጆሮ የበሱ፣ አፍንጫ የበሱ፣ ጥቁር የለበሱ። ሁሉም ጥቁር መልበሳቸውን ሳይ፣ ልቅሶ ቤት የገባሁ መሰለኝ። ኪዳነምሕረት ክንዴን ይዛ አመጣችኝ፤ ለጆሮዬ ጥጥ ይዛለች። የባንዱ ከበሮ መቺ ምቶኮዚሲ ይባላል፤ ረጅም፣ ዓይን አፋር የሶዌቶ ልጅ ነው። ሳውቦና ምኩሉ፣ ጤና ይስጥልኝ አያቴ ማለቱ ነው፣ ብሎኝ ወንበር አመጣልኝ።

ዮአዳን ማይኩን ይዛ በእንግሊዝኛ ትንሽ ተናገረች። የአያቴ ወንድም አርፏል፤ እኔ በጊዜው አልቅሻለሁ፣ አያቴ ግን የሰማው አሁን ነው፤ አብሮት የሚያለቅስ ሰው አጥቷል አለች። ከዚያ ማይኩን መሬት ላይ አስቀመጠችና ሁለት እርምጃ ሸሽታ ቆመች።

ጀመሩ። ቃላቱ አማርኛ ናቸው። በዚያ ሁካታ ውስጥ በደንብ የሰማሁት የበርናባስን ስም ብቻ ነው፤ ደጋግማ ነው የጠራችው። ልጆቹ ስሙን ያዙና አብረዋት ጮኹ። በሕይወቱ ደቡብ አፍሪካን ያልረገጠ ሰው፣ ስሙ ብሪክስተን ጓሮ ውስጥ በሠላሳ ጉሮሮ ተጠራ። እኔ ያን ጊዜ ወጣልኝ። እንደተማርኩት አልነበረም፤ ከሆድ ይሁን ከጉሮሮ አላውቅም። ማንም ዞሮ አላየኝም፤ ሁሉም እየጮኸ ነበር። ኪዳነምሕረት ትከሻዬ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ዘፈኑ አጭር ነው፤ እኔ ሳልጨርስ አለቀ። ምቶኮዚሲ አየኝና ከበሮውን ቀስ እያደረገ መምታቱን ቀጠለ፤ እስክጨርስ።

ሲያበቃ አላጨበጨቡም። ተራ በተራ መጡ። ዮአዳን ነግራቸው ኖሯል መሰል፣ አንዳቸውም አልተቻኮሉም። ምቶኮዚሲ ሁለት እጁን አጣምሮ ጎንበስ አለና በዙሉ አንድ ነገር አለኝ፤ እነሱ ለቀስተኛ የሚሉት ነው። ዮአዳን ተረጎመችልኝ፦ «ከዚህ በፊት ያልሆነ ነገር አልሆነም።» ከዚህ የተሻለ ማጽናኛ ከሽማግሌዎቻችንም አልሰማሁም። ከዚያ መሬት ላይ፣ ሣሩ ላይ፣ የቢራ ሣጥን ላይ ተቀመጡ። ማንም አልሄደም። ስለ በርናባስ ጠየቁኝ። ካሴት ስንቀዳ የራሱን ሳል በዘፈኑ መሃል ቀድቶ እንደሸጠ ነገርኳቸው፤ ደንበኛው ወዶት ሁለተኛ ቅጂ እንደጠየቀም ጭምር። ሳቁ። በደንብ ሳቁ።

ጨለማው ሲቃረብ ብርዱ መጣና ኪዳነምሕረት እንሂድ አለች። ተነሣሁ። ሽማግሌ ልቅሶ ለደረሱት ሰዎች ሳይመርቅ አይሄድም። ምን ማለት እንዳለባቸው ዮአዳን በፍጥነት አስተማረቻቸው።

እግዜር ያሳድጋችሁ አልኩ። አሜን አሉ፤ እንደ ሰው።

በዚያ ጆሮአችሁ ክፉ አትስሙ አልኩ። ድምፃቸው ከፍ አለ።

ባንዳችሁ አይበተን አልኩ። ያን ጊዜ ሠላሳዎቹም ከሆዳቸው አምጥተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የአንገታቸው ሥር እስኪገተር «አሜን!» አሉ። የማዶው ሰው መስኮቱን ከፈተ፣ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ተነሣ። እንዲህ ያለ አሜን በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። እግዜር የሰማው ይመስለኛል። ምናልባት ተኝቶ ከነበረም፣ ተነሥቷል።